ቀልድና ማኅተም

ቀልድ ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የኖረ ነገር ነው። ባላገር በደቦው ላይ፥ መኰንን በግብሩ ላይ፥ ተማሪ በጓደኞቹ መካከል ሳይቀልድ የዋለበት ዘመን የለም። ይሁን እንጂ ቀልድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚያስቅ አለ፥ የሚያስተምር አለ፥ የሚያስትም አለ። ለአንባብያን ላቀርበው ያሰብሁት የሚያስቀው ከሚያስተው በምን እንደሚለይ ነው፤ ምሳሌዬንም የምወስደው ዘወትር ከምቀልድበት ከአንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው።

ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በሚኒያፖሊስ ከተማ ሥራውን ሲጀምር፥ አገሩ ሐይቅ የበዛበት ስለ ሆነ፥ የሐይቅ ሰዎች ለማለት ይህ ስም ወጣለት። በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ግን ሐይቁን እዚያው ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ ሄደ። እነርሱ ማታ ሲጫወቱ እኛ ዘንድ ጧት ነውና፥ የጨዋታውን መጀመሪያ ከቁርስ ጋራ አየዋለሁ፤ መጨረሻውን የምሰማው ግን ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው።

ቡድኑ ሲሸነፍ ንዴቴን የምወጣበት መንገድ አለኝ። ስምንት ጓደኛሞች በምንገናኝበት በቴሌግራም ላይ፥ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ የፌዝ መልእክት እጽፋለሁ። ለምሳሌ ያህል አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የቅርጫት ከፍታን ይመለከታል። ቅርጫቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሰቀሉ ለተጫዋቾቻችን የማይመች መሆኑ በትናንቱ ጨዋታ ስለ ተረጋገጠ፥ ነገሩን አጥንቶ ውሳኔ የሚያቀርብ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴው ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ ኳሱ ከቅርጫቱ አጠገብ ማለፉ እንደ ገባ ተቈጥሮ እንዲመዘገብልን በትሕትና እናመለክታለን። ግልባጭ፦ ከሚኒያፖሊስ ላልመጣው ሐይቅ።»

ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ የሚያስቀው መልኩ ከባድ፥ ነገሩ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ቅኔ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፥ ወርቁ የደጋፊ ኀዘን ነው። ሰሙን ከወርቁ መለየት የማይችል አንባቢ ከተገኘ ግን ቅኔው ቅኔ መሆኑ ይቀርና ተራ ውሸት ይሆናል።

በአሜሪካ ይህ ሥራ እጅግ ተስፋፍቷል። ኤን ቢ ኤ ሴንትራል የሚባለውን የዜና ገጽ ስሙንና መልኩን አስመስሎ፥ ኤን ቢ ኤ ሴንቴል በሚል ስም የፈጠራ ወሬ እያወጣ የሚያስቅ ሌላ ገጽ ተነሣ። ሰው ተታሎ ያንን ወሬ ለሌላ ሲያወራ፥ ወዳጆቹ ከገጹ ስም ግስ አውጥተው «ተሴንተልህ» እንደ ማለት ያፌዙበታል። የሁለት ፊደል ልዩነት አስተውሎ ማንበብን ካስተማረ ቀልዱ ጥቅም አለው።

ነገሩ የከፋው ማኅተም ገበያ በወጣ ጊዜ ነው። ትዊተር ይባል በነበረው መገናኛ፥ ቀድሞ ማንነታቸው ለተረጋገጠ ታዋቂ ሰዎችና ድርጅቶች ይሰጥ የነበረው ሰማያዊ ምልክት፥ በኖቬምበር 2022 በወር 8 ዶላር ያህል ለከፈለ ሁሉ ይሸጥ ጀመር። ወዲያው አንድ ያልታወቀ ሰው ምልክቱን ገዝቶ በሌብሮን ጄምስ ስም «ከሌከርስ እንድለቅ ጠይቄአለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም አመነ። በዚያው ሳምንት በኢላይ ሊሊ የመድኃኒት ኩባንያ ስም ኢንሱሊን በነጻ ይሰጣል ተብሎ ተጻፈና፥ ኩባንያው ወሬው ሐሰት መሆኑን ገልጾ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ። በማኅተም ሥር የምንሠራ ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። ማኅተም ዋጋ ያለው ማንም ሊገዛው ስለማይችል ነው፤ በገበያ የተሸጠ ዕለት ከቀለም በቀር ምንም አይደለም።

ጉዳቱም ሐሰት መታመኑ ብቻ አይደለም፤ እውነትም መታመን ያቅተዋል። በፌብሩዋሪ 2025 መባቻ ዳላስ ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን እንደ ወሰደ ሻምስ ቻራኒያ የተባለው ጋዜጠኛ ሲያወራ፥ ብዙዎች ገጹ በሌባ የተያዘ መሰላቸው። እርሱም ነገሩ እውነት መሆኑን ለማስረዳት ዳግመኛ መጻፍ ግድ ሆነበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፥ ንጋቱን መጠበቅ ሁሉ ሰው አይችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈሬ የሚኖር አንድ ተማሪ፥ አንድ ታላቅ ተጫዋች ታሞ ዛሬ አይሰለፍም የሚል የፌዝ ወሬ አይቶ የወር ወጪውን በውርርድ አስያዘ። ተጫዋቹ ጤነኛ ሆኖ ተሰለፈ፤ ልጁ ግን የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጣ። ወሬውን የጻፈው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ምናልባትም ዛሬ ድረስ ያስቀኛል ብሎ ያስብ ይሆናል።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገሮችን እጠብቃለሁ። አንደኛ፥ ፌዜ በጨዋታው ላይ እንጂ በሰውየው ሕመም ወይም በቤተሰቡ ላይ አያርፍም። ሁለተኛ፥ ግነቱ በሁለተኛው መስመር ላይ ማንንም የማያሳስት እስኪሆን ድረስ ይገንናል፤ ሊሆን የሚችል ወሬ ቀልድ አይደለምና። ሦስተኛ፥ የፌዝነቱን ምልክት ከግርጌ ሳይሆን ከራሱ ከነገሩ ውስጥ አስገባለሁ፤ ግርጌ በቀላሉ ተቈርጦ ይቀራል፥ ከአፍ የወጣም አፋፍ ነው። ያው መገናኛ፥ ዛሬ ኤክስ የሚባለው፥ በኤፕሪል 2025 የፌዝ ገጾች ፌዝነታቸውን በስማቸው መጀመሪያ ላይ እንዲጽፉ ማዘዙም ይህንኑ በመገንዘቡ ይመስለኛል።

ተማሪዎችን የምታስተምሩ፥ ደብዳቤ የምትጽፉና የምትፈርሙ ወገኖቼ ሆይ፥ ቀልድን አትከልክሉ፤ ቀልድ የሌለበት አገር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ልጆቻችንን ግን ከሳቃቸው በፊት «ይህን ያለው ማን ነው?» ብለው መጠየቅን እናስለምዳቸው። በጠየቁ ቍጥር ቀልደኛው ቀልደኛ፥ ሐሰተኛውም ሐሰተኛ ሆኖ ይለያል።