አደጋው ካለፈ በኋላ የቀረው፦ ከዶርማችን የተማርነው

 

ይህን የምንጽፈው አንድ ዶርም የምንጋራ ልጆች ተመካክረን ነው። የምንናገርለት ወንድማችን ጽሑፉን አብሮን አንብቦታል፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ብቻ አደራ ብሎ "ለሌላው ይጠቅም ይሆናል" ሲል ፈቅዷል።

ወንድማችን ባለፈው ዓመት ዒድ አል-ፊጥርን ባቱ ከቤተሰቦቹ ጋር አሳልፎ ወደ አዳማ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከመቂ አለፍ ብሎ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሕይወቱ አለፈ። እሱ ክንዱ ላይ ቀላል ጉዳት ብቻ ደርሶበት ተረፈ። "አልሐምዱሊላህ" ብለን አቅፈን ተቀበልነው። ለእኛ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለእሱ ግን አላለቀም። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይጠፋባትም። ፍሬን በጮኸ ቁጥር ከአልጋው ዘሎ ይነሳል። ታክሲም ባጃጅም መሳፈር ተወ። ለሱብሒ የሚቀሰቅሰን እሱ ነበር፤ መስጂድ ለመሄድ አስፋልቱን መሻገር ስለሚጠይቅ ጀመዓ ቀረ። ዒድ አል-አድሐ ሲደርስም ቤቱ አልሄደም፤ እናቱ በስልክ ሲያለቅሱ ሰማን።

እኛስ ምን አልን? "ሰብር አድርግ" አልን። "ኢማንህ ደክሟል" አልን። ከመካከላችን "ጂን ነክቶት ይሆናል" ያለም ነበር፤ ሩቅያ የሚቀሩ ሰው ዘንድም ወሰድነው። ቁርኣን ሲቀራለት ልቡ ይረጋጋ ነበርና በሩቅያው አንጸጸትም። የምንጸጸተው ሕመሙን እንደ ጥፋት ስለቆጠርንበት ነው። አንድ ሌሊት እንዲህ አለን፦ "መኪናው የመታኝ አንድ ጊዜ ነው። እናንተ ግን ኢማኔን በየቀኑ ትመቱታላችሁ።" መልስ አልነበረንም።

መንገዱን ያሳየችን ሳይኮሎጂ የተማረች የአንዳችን ታላቅ እህት ናት። ከከባድ አደጋ በኋላ ትዝታው ከሌሎች ትዝታዎች ጋር ቦታውን ሳይይዝ ሊቀር እንደሚችል አስረዳችን። ሰውየው አደጋውን አያስታውሰውም፤ እንደገና ይኖረዋል እንጂ። ለዚህ ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ በምሕጻሩ ኢ.ኤም.ዲ.አር የሚባለው የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና መሆኑንም ነገረችን፤ አዲስ አበባ የሠለጠነ ባለሙያ አፈላልጋ አገናኘችን። ወንድማችንን በፍጥነት መንገዱ ይዘነው ሄድን፤ እዚያ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ሁለታችን ግራና ቀኝ ተቀመጥን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ዚክር እያደረገ ደረሰ።

ሕክምናውን የጀመሩት አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ሲራመዱ፣ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ ሲል የሚያስጨንቃቸው ሐሳብ እንደቀለለ አስተዋሉ፤ በ1989 የመጀመሪያ ጥናታቸውን አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአደጋ በኋላ ለሚከተል የአእምሮ ጭንቀት ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሕክምናው 8 ደረጃዎች አሉት። ጣት በማየት አይጀመርም። ባለሙያው መጀመሪያ ታሪኩን ጠየቁት፤ ሲጨንቀው ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድ አስተማሩት። ቀጥሎ ከአደጋው እጅግ የከበደውን ምስል አስመረጡት፤ ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 እንዲለካ ጠየቁት። "9" አለ። ስለ ራሱ የሚያምነውንም ጠየቁት። "እኔ ነበርኩ መሞት የነበረብኝ" አለ። አብረነው ስንኖር ይህን ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዚያ ምስሉን በልቡ ይዞ በዓይኑ የባለሙያውን ጣት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተከተለ። ጥቂት ሴኮንድ፣ ዕረፍት፣ "አሁን ምን መጣልህ?"፣ እንደገና።

ለምን እንደሚሠራ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ የዓይን እንቅስቃሴው የሚጨምረው ነገር አለ ወይ የሚሉም አሉ። ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው፦ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ስለሆነ፣ ምስሉን እያሰበ ጣት ሲከተል ምስሉ ይደበዝዛል፤ ተመልሶ ሲቀመጥም ቀልሎ ይቀመጣል።

"ድግምት አይደለም ወይ?" ብለው የጠየቁን አሉ። አይደለም። ሰውየው አይተኛም፤ ንቁ ነው፤ በፈለገ ሰዓት "ይብቃኝ" ይላል። እህቶችም ጠይቀውናል፦ ሴት ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል፤ መነካትም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሜክሲኮ ከአውሎ ነፋስ ለተረፉ ሰዎች የተጀመረ፣ እጅን ደረት ላይ አመሳቅሎ ራስን በቀስታ መታ መታ የማድረግ ዘዴም አለ።

ሰብርና ሕክምና አይጣሉም። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በመልካም ሰብር የተመሰገኑ ናቸው፤ በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸውንም ቁርኣን ይነግረናል። ኢማናቸው ደከመ የሚል የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖሩት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ነፍስ እንደ አካል እንደምትታመምና ሕክምና እንደሚያሻት ጽፈዋል። እኛ ግን የተሰበረ ክንዱን ለሐኪም ሰጥተን፣ የተሰበረ ልቡን በወቀሳ ልናክም ሞከርን።

ወንድማችን ጥቂት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ 9 ያለው 2 ሆነ። አደጋውን አልረሳውም፤ ለሟቹ ሰው አሁንም ዱዓ ያደርጋል። "አሁን ግን ያለፈ ነገር ነው" ይላል። በረመዳን መጨረሻ ባቱ ገባ። ለሱብሒም እንደገና ይቀሰቅሰናል፤ ብርድ ልብሳችንን እየገፈፈ።

አደራ የምንላችሁ፦ ቪዲዮ አይታችሁ ይህን በራሳችሁም በጓደኛችሁም ላይ አትሞክሩ፤ ትዝታውን ቀስቅሶ መዝጋት አለማወቅ ይጎዳል። የሠለጠኑ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ሰው ይህን ሕክምና አያገኝም። ሌሎች ሕክምናዎች ስላሉ ከግቢው ክሊኒክ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ጀመዓ የቀረ ወንድም ስታዩ "ለምን ቀረህ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ሆንክ?" በሉት። እኛ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብን።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።