ከላምበረት እስከ ደብረ ብርሃን፦ ያጠረ ትንፋሽ

ሐሙስ። አክስቴ ከዋሽንግተን በጠዋቱ በረራ ገባች። 13 ሰዓት ገደማ በአንድ ወንበር ላይ፣ አጠገቧ የተኙትን ላለመቀስቀስ ብላ እግሯን ሳታፍታታ፣ ሽንት ቤት እንዳያመላልሳት ብላ ውኃም ሳትጠጣ ነው የመጣችው። ቦሌ ስንቀበላት ጫማዋ ጠቧት ነበር፤ "ግራ እግሬ ከብዶኛል እንጂ ደህና ነኝ" አለች። ቡና ተፈላ፣ ዘመድ ገባ ወጣ፣ ቀኑ በዚሁ መሸ።

ቅዳሜ። ታላቅ እህቷን ለማየት ወደ ደብረ ብርሃን ተነሳን። ላምበረት መነኸሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን፤ በሰው 300 ብር፣ ለሻንጣዋ ደግሞ 50 ብር ከፈልን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፈን ሜዳው ሲከፈት የኅዳር ፀሐይ ወጣች፣ ግን አትሞቅም፤ ገብስ የታጨደበት ማሳ ላይ ክምሩ ቆሟል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ የተከናነቡ እረኞች በጎቻቸውን ከአስፋልቱ ዳር ያባርራሉ። ሸኖ ላይ ቁርስ ተባለና ወረድን። ፍርፍር በለጋ ቅቤ፣ ሻይ በቅርንፉድ። አክስቴ የምግብ ቤቱን ሦስት ደረጃ ወጥታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ከንፈሯ ላብ አውጥቷል፣ በዚያ ብርድ።

"እናቴ፣ ደጋው ነው፤ ይለመዳል" አላት ረዳቱ። ሁላችንም ተስማማን፣ ነገሩም ለጆሮ ይጥማል፤ ዋሽንግተን ለባሕር ጠለል የቀረበ ከተማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ቢሆን ነው። እንግዳ ሰው ዳገት ላይ ቢያለከልክ አይገርምም። እሷ ግን ማታ እሳት ዳር ተቀምጣም ታለከልክ ነበር። ወደ ውስጥ ስትስብ ቀኝ ጎኗን ይወጋታል። እህቷ "ብርድ መቶሽ ነው፣ ውጋት ነው" ብላ ፌጦ አሸችላት፤ ሌሊቱን በትራስ ተደግፋ አነጋችው። ውጭው ውርጭ ነበር፣ የጓሮው ሣር ነጭ ሆኖ አደረ።

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። የተቀበለን ወጣት ጤና መኮንን ጣቷ ላይ መለኪያውን ሰካ፦ ኦክሲጅን 84፣ የልብ ምት 124። ጀርባዋን አዳመጠና ዝም አለ፤ እንደገና አዳመጠ። "ሳንባዎ ጥርት ያለ ነው፣ አየር በደንብ ይገባል" አላት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሁለቱንም ባቶቿን በሜትር ለካ። ግራው ከቀኙ በ4 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። "እናቴ፣ በቅርቡ ረጅም መንገድ ተጉዘዋል?" ብሎ ጠየቃት።

እኔ አልገባኝም ነበር። ሳንባው ጥርት ካለ ትንፋሹ ለምን ያጥራል? ልጁ የሐኪም ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ሣለልኝ። ሳንባ ሁለት መንገድ አለው፤ በአንዱ አየር ይገባል፣ በሌላው ከልብ የቀኝ ክፍል የተነሣ ደም ይመጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙት በጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዙሪያ በተጠመጠሙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ በቆየ እግር ውስጥ፣ በጥልቁ ደም መልስ፣ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተቆርጦ ሲሄድ በልብ የቀኝ ክፍል በኩል አልፎ የሳንባውን ደም ቅዳ ይዘጋል። ያን ጊዜ አየሩ ይገባል፣ ደሙ ግን የለም፤ ያ የሳንባ ክፍል እህል ሳይገባበት እንደሚዞር ወፍጮ ነው። የተዘጋበት ደም ወደ ቀሩት ክፍሎች ይጎርፋል፣ እዚያም ከመብዛቱ የተነሣ ኦክሲጅን ሳይጠግብ ያልፋል። ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡም በተዘጋው ላይ እየገፋ ይደክማል። የአክስቴ ጎን የወጋው የሳንባውን ዳር የሸፈነው ስስ ልባስ ስለተቆጣ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የደም ግፊቷ አልወረደም፣ ያ ደግ ምልክት ነው አለን። ኦክሲጅን አደረጉላት፤ ሆዷ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌ ወጓት፤ አምቡላንስም ተጠራ። መጀመሪያ በመርፌው ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን በየደቂቃው ቁጥሩ ሲጨምር እያየሁ፣ 87፣ 89፣ ጥቂት ተጽናናሁ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ። ሲቲ ስካን ተነሣች። በክንዷ የገባው ቀለም የሳንባዋን የደም ሥሮች ነጭ ቅርንጫፍ አድርጎ አሳየን፤ በቀኝ በኩል ነጩ ድንገት ይቋረጥና ግራጫ ነገር ቦታውን ይዟል። ሐኪሟ "ያ ነው" አለች። መድኃኒቱ የረጋውን ራሱ አያሟሟውም፤ እንዳይጨምር ይከለክላል፣ የቀረውን ሰውነት ቀስ እያለ ይሠራዋል፤ ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል።

ስለ በረራው ጠየቅኋት፤ በየበዓሉ ስንቱ ዘመዳችን በዚህ መንገድ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገውን ጥናት ነገረችኝ፦ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል፣ አውሮፕላንም ይሁን አውቶቡስ ወይም ባቡር። ቢሆንም የሚያገኘው ከ6,000 ተጓዥ አንዱን ያህል ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ካንሰር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ቀድሞ የረጋበት ሰው ግን ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ሌላው በመንገድ ላይ ይነሣ፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ። እንዲህ ያለው ነገር በየትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ እላለሁ።

ዓርብ። ያለ ኦክሲጅን 92 ሆና ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞረች። ሐኪሟ ለየካቲት ቀጠሮ ጻፈችላት፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የረጋው ጠባሳ ሆኖ ይቀርና ትንፋሹ አጥሮ ይኖራል፣ ያን ጊዜ ልቧን በአልትራሳውንድ ታያለች። ለደብረ ብርሃኑ ልጅ የሲቲውን ምስል በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፦ "አመሰግናለሁ። ባቷስ ጎደለ?"