እስክትሞት በ50 ሳንቲም

በእኛ ሰፈር ጌም ቤት ሂሳቡ በሰዓት አልነበረም። 50 ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ጆይስቲኩን ትይዛለህ፣ እስክትሞት ትጫወታለህ። ከሞትክ ተነስ ነው፤ ተረኛው ከኋላህ ቆሟል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የሂሳብ ነገር አስቀድሜ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የድብድብ ጌም ኮልፌ ውስጥ ለምን እንደተጠላ የሚያስረዳን እርሱ ነውና።

ጌሙ «ስትሪትስ ኦቭ ሬጅ 3» ይባላል። የጃፓኑ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ለተባለው መጫወቻው እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሲሆን በሀገሩ «ቤር ነክል 3» ይሉታል። አጠና ተራ አካባቢ ከነበረችው ጌም ቤት የደረሰው ግን በ1992 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሌላው ዓለም ከረሳው በኋላ። ሌላውም ዓለም ቢሆን ገና ሲወጣ በደስታ አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሁለተኛው ክፍል እጅግ ተወዶ ስለነበር ሦስተኛውን ብዙዎች «ይሄማ አይደርስበትም» አሉት። በምዕራቡ ዓለም የተሸጠው ቅጂ ደግሞ ከጃፓኑ እንዲከብድ ተደርጎ ነበር። የጠላት ምት ይበረታል፤ ታሪኩ ተቆራርጧል፤ ብሌዝ የምትባለው ተደባዳቢ ቀይ ልብሷን አውልቃ ግራጫ ለብሳለች። «ቀላል» የሚለውን ከመረጥክ ጨዋታው ከ7ቱ ደረጃዎች በ5ኛው ላይ ያበቃል። ቀሪውን ለማየት መክበድ አለበት።

እኛ ጋ የመጣው ይኸው የእንግሊዝኛው ቅጂ ነው። እስክትሞት በሚከፈልበት ቤት ደግሞ ከባድ ጌም ማለት ውድ ጌም ማለት ነው። ልጆቹ «ሳንቲም በል» ብለው ስም አወጡለት። ባለቤቱ ብቻ ነበር የሚወደው።

እኔ ብዙ ጊዜ 50 ሳንቲም የለኝም። ሳንቲም የሌለው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ያያል፤ ባለቤቱ ደግ ከሆነ ዝም ይለዋል። ማየቱ ሲሰለች ጆሮ ሥራ ይጀምራል። ያንን ሙዚቃ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በነፃ።

ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር? ለማንጎራጎር የሚሆን ዜማ ፈልገህ አታገኝም። ከበሮው ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ ተነስቶ እንደገና ይሮጣል። በላዩ ብረት ለብረት የሚፋጭ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ጌም ቤቷ ከአንድ በያጅ ጋር ግድግዳ ትጋራ ስለነበር አንዳንዴ ጩኸቱ ከቴሌቪዥኑ ይሁን ከጎረቤት መለየት ያስቸግር ነበር። ባለቤቱ ዘወትር «ካሴቱ ተበላሽቷል» እያለ ድምፁን ይዘጋና በራሱ ቴፕ ጥላሁን ገሠሠን ይከፍታል። ብሌዝ በጥላሁን ድምፅ ስትደባደብ ያየ ሰው በዚህች ምድር ላይ ብዙ ያለ አይመስለኝም!

ካሴቱ ግን አልተበላሸም ነበር። ሙዚቃው እንዲያ እንዲሆን ታስቦበታል። ደራሲዎቹ ዩዞ ኮሺሮና ሞቶሂሮ ካዋሺማ ናቸው። ኮሺሮ ያኔ 26 ዓመቱ ነበር፤ ያለፉት ሁለት ክፍሎች ሙዚቃ ስሙን አስጠርቶለታል። ያንኑ ደግሞ ቢያቀርብ ማን ይቀየመዋል? እርሱ ግን የጭፈራ ቤቱን ቴክኖ ይዞ ወዳልታወቀ መንገድ ገባ። ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ የድምፅ ቅደም ተከተል የሚያወጣበት ፕሮግራም ሠራ፤ ከወጣው መካከል ጆሮው የፈቀደውን መረጠ። የዘመኑ ተጫዋቾች ጫጫታ ነው አሉት። ዛሬ ቀድሞ የመጣ ሥራ ነው የሚሉት በርካታ ናቸው፤ በሸክላም ታትሟል። ስለ ጌሙ አልሟገትም፤ ሳንቲም በል ነው። ስለ ሙዚቃው ግን እሟገታለሁ።

የምሟገተው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ያለችው የያማሃ ቺፕ 6 ድምፅ ነበራት፤ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እየናጠች ሦስተኛ ድምፅ ታወጣለች። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘው አሜሪካዊው ጆን ቻውኒንግ ነው። ያማሃ ዘዴውን ወስዶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣበት። የኛ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ተቀምጦ አኮርዲዮኑን ከዚሁ ዲኤክስ 7 ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። እዚህም በሰዓት እላፊው ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች ሲመናመኑ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር የነፋሾቹን ወንበር ወረሰ። አባቶቻችን «ሳክስፎኑ ሄዶ ማሽን መጣ፤ ሙዚቃ ሞተ» አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ የጠፋው ነገር ትልቅ ነበር። ሆኖም የማሽኑን ድምፅ ከነጭራሹ ሙዚቃ አይደለም ማለት ሌላ ነገር ነው። ጌም ቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሲያዞር ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የኃይሉን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሸማች አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወደ መድረክ ተመለሰ። ኮሺሮና ካዋሺማም እ.ኤ.አ. በ2020 «ስትሪትስ ኦቭ ሬጅ 4» ሲወጣ ሙዚቃ እንዲጽፉ ተጠርተዋል። በየሠርጉ ኪቦርድ ሲጫወቱ የነበሩት የኮልፌ ልጆች ግን ጠሪ አልመጣላቸውም። ከእነርሱ አንዱ ጎረቤቴ ነው። አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለው፤ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል። በሚመጣው ቅዳሜ አንድ የሚሠራ ቴፕ ተውሼ ልሄድ ተነጋግረናል። «ጫጫታ ነው እኮ» ብሎኛል፣ እየሳቀ።