ተመጋቢዎቹ ምን አሉ?

በአገራችን ባህል የቀረበለትን ማዕድ በባለቤቱ ፊት የሚነቅፍ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። እንግዳው ጨው ቢበዛበትም «እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ ጥብሱ ቢደርቅበትም «ጠገብኩ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ይህ ጨዋነት ለቤት እንግድነት ያማረ ነው። ነገር ግን ጥሪቷን ሁሉ አፍስሳ ምግብ ቤት ለከፈተች ሴት ይኸው ጨዋነት ምን ያህል ጎጂ ሊሆን እንደሚችል በቅርቡ በገዛ ቤተሰቤ አይቻለሁና፣ ለዚህ አምድ አንባብያን ላወጋችሁ ወድጃለሁ።

ታላቅ እኅቴ ሰባት ዓመት ዱባይ ውስጥ በአንድ የስፔን ምግብ ቤት ሠርታለች። በመጀመሪያ ሳህን አጣቢ ነበረች፤ ቀጥሎ ድንች ላጭ ሆነች፤ በመጨረሻም ምድጃ ፊት ቆማ ለመጥበስ በቃች። በእነዚያ ዓመታት ከምትልክልን ገንዘብ እኔም ደብተርና ጫማ ገዝቼ ተምሬበታለሁ። ስለዚህ ወደ አገሯ ተመልሳ በቢሾፍቱ ከተማ ስምንት ጠረጴዛና አንድ ረጅም ባንኮኒ ያላትን ቤት ተከራይታ፣ «ታፓስ» የሚል ሰሌዳ በደጃፏ በሰቀለችበት ቀን፣ የደስታውን ያህል ፍርሃትም በልቤ አድሮ ነበር። ያጠራቀመችው ስላልበቃት ተበድራለችና።

«ታፓስ» የአንድ ወጥ ስም አይደለም። በስፔኖች ቋንቋ «ታፓ» ማለት ክዳን ማለት ነው። በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ እንደሚተረከው፣ የመጠጥ ቤት አሳላፊዎች ዝንብና አቧራ እንዳይገባበት በወይን ብርጭቆ አፍ ላይ ቁራጭ ዳቦ ወይም ሥጋ ይከድኑበት ነበር፤ ጠጪውም ክዳኑን እየበላ ወይኑን ይጠጣ ጀመር። ትረካው እውነትም ይሁን ጨዋታ፣ ልማዱ ግን ዛሬም ሕያው ነው። ሰው ሲመሽ ከወዳጆቹ ጋር ይወጣል፤ ባንኮኒ ተደግፎ ቆሞ አንድ ሁለት ትንንሽ ሳህን ይቀምሳል፤ ከዚያም ጨዋታውን ሳያቋርጥ ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። በግራናዳ ከተማ መጠጥ ላዘዘ ሰው ትንሿ ሳህን ያለ ክፍያ ትከተለዋለች። በሰሜን፣ በባስኮች አገር ደግሞ ምግቡ ከቁራጭ ዳቦ ጋር በስቴኪኒ ተወግቶ ይቀርባል፤ በአንዳንዱም ቤት ሒሳቡ የሚሠራው በተመጋቢው ፊት የቀሩትን ስቴኪኒዎች በመቁጠር ነው።

እኅቴ ከዚህ ሁሉ ለእኛ ሰው ይስማማል ያለችውን መርጣ አምጥታለች። ተቆራርጦ የተጠበሰ ድንች ቀይና የሚያቃጥል ድልህ መሰል ማባያ ፈስሶበት ይቀርባል፤ ይህ በማድሪድ የታወቀ ነው። እንቁላልና ድንች ተዋህደው በመጥበሻ እንደ ወፍራም ቂጣ ይጋገራሉ። እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይጠበሳል። በሴቪያ ከተማ በስፒናችና በከሙን የሚሠራውን የሽምብራ ወጥ እርሷ በቆስጣና በአድአ ሽምብራ ትሠራዋለች። ስፔኖች እጅግ የሚመኩበትን የአሳማ ሥጋ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይነካው ትታ፣ በምትኩ ቋንጣ አስገብታለች። ድንቹን በተመለከተ ማንም ባዳ ነው ሊለው አይችልም። ስፔኖች ራሳቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ ያመጡት ሲሆን፣ ወደ እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ አስገብቶታል። እንግዲህ ለሁለቱም ማዕድ ድንች በእንግድነት ገብቶ ቤተኛ የሆነ ነው።

ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት እኅቴ ጠራችኝ።

«ወንድምዬ፣ አንተ የወታደሩን ልብ ማዳመጥ ሥራህ ነው። እስኪ የእኔንም ተመጋቢዎች አዳምጥልኝ። ስጠይቃቸው ሁሉም ‹ቆንጆ ነው› ይሉኛል፤ ማታ ገንዘቡን ስቆጥር ግን ቆንጆ አይደለም።»

በጦር አካዳሚ ሳለሁ አንድ አሠልጣኛችን «ከሚያማርረው ወታደር ይልቅ ‹ምንም ችግር የለም› የሚለውን ረዘም አድርገህ ስማው» ይለን ነበር። ይህን ምክር ይዤ፣ የሲቪል ልብስ ለብሼ፣ ሦስት ምሽት በመስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ምሽት አንድ በጡረታ የተሰናበቱ ሃምሳ አለቃ ብቻቸውን መጡ። ድንቹን አዘዙ። አስተናጋጁ ትንሿን ሳህን ሲያስቀምጥላቸው ሳህኗን አዩ፣ እርሱን አዩ፣ ቀጥለውም «ልጄ፣ አፍ ማሟሻውን አየሁት፤ ምግቡ መቼ ይመጣል?» አሉት። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለተኛ ሳህን አዘዙ፤ ሦስተኛም አዘዙ። ሊወጡ ሲሉ እኅቴ ከባንኮኒው ወጥታ «አባባ፣ እንዴት ነበር?» ብትላቸው፣ ባርኔጣቸውን አነሣ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ጣፋጭ ነበር» አሏት። ደጃፍ ላይ ለቆመው ዘበኛ የተናገሩትን ግን በመስኮቱ ሰማሁት። «ሦስት ጊዜ ከፍዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠገብኩም።»

በዚያው ምሽት አራት ወጣቶች ከጋራዥ ሥራቸው ወጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ። ስድስት ዓይነት አዝዘው መሐል ላይ ደረደሩት። አንዱ ከአንዱ ሳህን ይሻማል፤ አንዱ የቀረችውን እንጉዳይ ለሌላው ይገፋለታል፤ ጨዋታው ደርቷል። ሒሳቡ ሲመጣ አንደኛው «ለአራት ሲካፈልማ ከአንድ ጥብስ ያነሰ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያው ድንች፣ ያው ሳህን፣ ያው መጥበሻ ነው። ሃምሳ አለቃው ብቻቸውን ሆነው ማነሱን አዩ፤ እነዚህ አራት ሆነው መብዛቱን አዩ። በዚያ ሌሊት በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ይኸውም «እኅቴ ሳህኑን አመጣች እንጂ አበላሉን አላመጣችም» የሚል ነው።

በሁለተኛው ምሽት ሐይቁን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ተቀመጡ። ሚስት እንጉዳዩን አደነቀች። ባል ደግሞ ማባያውን ቀምሶ «ይህ በርበሬ ፈሪ ነው» አለ። ነገሩ እውነት ነበር፤ የስፔኖቹ ቀይ ዱቄት አብዛኛው ለመዓዛና ለቀለም እንጂ ለማቃጠል አይደለም፤ እኅቴም በዱባይ የለመደችውን ልክ አልለቀቀችም። ዋናው ቅሬታ የመጣው ግን በሒሳቡ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሳህን ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ሳይቆጥር ያዝዝ ነበር። ድምሩን ሲያይ ዝም አለ፤ ከፍሎም ሳይሰናበት ወጣ። ለካስ ተቆጥቶ ከሚናገረው ይልቅ ዝም ብሎ የሚወጣው ደንበኛ ነው ክፉው። የተቆጣው ሊመለስ ይችላል፤ ዝም ያለው ግን አይመለስም።

ከእነርሱ በስተጀርባ አንዲት እናት ልጃቸው አምጥታቸው ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ «እንጀራው የታለ?» አሉ። ልጃቸው በጆሯቸው አስረዳቻቸው። ስቴኪኒውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው ተመለከቱት። ከዚያም አንዲት ድንች ወጉበትና፣ ለራሳቸው ሳይቀምሱ፣ ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ። «እንኪ ጉረሺ፤ በእንጨትም ቢሆን ጉርሻ ጉርሻ ነው።» እውነቱን ልናገር፣ ከሦስቱ ምሽቶች ሁሉ የታፓስን ጠባይ ያለ አስተማሪ የተረዱት እኚህ እናት ናቸው።

ሦስተኛው ምሽት ረቡዕ ነበር። በእኔ ግምት ያ ቀን ለቤቱ ታላቅ ዕድል ነበረው፤ ድንቹ፣ ሽምብራው፣ እንጉዳዩና በቲማቲምና በዘይት የታሸው ዳቦ ሁሉም ከጾም ምግብ የሚቆጠሩ ናቸውና። አንድ ጎልማሳ ገብቶ ድንችና ሽምብራ አዘዘ። ከማዘዙም በፊት በትሕትና «ይህ ድንች እንቁላል ከተጠበሰበት ዘይት ጋር አልተነካካም?» ሲል ጠየቀ። አስተናጋጁ ያለ አንዳች ማመንታት «ኧረ ለብቻው ነው፣ ጋሼ» አለ። ሰውየው አመስግኖ፣ አማትቦ በላ። «በጣም ጣፋጭ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ» ብሎም ሄደ።

እኔ ግን ጥቂት ቀደም ብዬ ወደ ማድቤት ገብቼ ነበር። የነበረው መጥበሻ አንድ ብቻ ነው። እንቁላሉም ድንቹም በዚያው ዘይት ይጠበሱ ነበር።

እነሆ በሦስቱ ምሽት ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ እጅግ የሚያስደስተው በሐሰት ላይ የቆመው ሆነ። ለእኅቴ ይህን ከመንገር ይልቅ «ሁሉም ወድዶታል» ማለት ይቀለኝ ነበር። የማስብበት ጭንቅላት የተማረው በእርሷ ላብ ነው። የደከመች፣ የተበደረች፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣች ሴት ፊት ቆሞ «ቤትሽ ተመጋቢውን እያታለለ ነው» ማለት ለታናሽ ወንድም ቀላል አይደለም። ሆኖም የወታደሮቼን እውነት ለአለቆቼ ሳቀርብ ኖሬ የገዛ እኅቴን እውነት ብደብቅባት፣ ሙያዬ ከደንብ ልብሴ ጋር የሚወልቅ ነገር መሆኑ ነው።

ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሳህኑ ማነስ፣ ስለ በርበሬውና ስለ ሒሳቡ ስነግራት እየጻፈች ሰማችኝ። ስለ መጥበሻው ስነግራት እርሳሷን አስቀመጠች።

«ልጁ ነው የዋሸው እንጂ እኔ መች ዋሸሁ?» አለች።

«እትዬ፣ ልጁ የዋሸው አንቺ ሁለተኛ መጥበሻ ስላልገዛሽ ነው» አልኳት።

ተቆጣች። «አንተ ደመወዝተኛ ነህ፤ የዘይት ዋጋ የት ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ የተናገረችው እውነት ነበርና። ያን ሌሊት ሳንስማማ ተለያየን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብመለስ ማድቤቱ ውስጥ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ድስትና በቀይ ክር የታሰረ ማማሰያ አገኘሁ። አስተናጋጁን ጠርታ በፊቴ እንዲህ አለችው። «የማታውቀውን ከጠየቁህ ‹ጠይቄ ልምጣ› በል። የሌለውን አለ ያልክ ቀን ግን እንለያያለን።» ወደ እኔ አልተመለከተችም። ዓርብ ማታ ያ ጎልማሳ ባለቤቱን ይዞ ሲመጣ ራሷ ወጥታ፣ ባለፈው ረቡዕ ዘይቱ ለብቻው እንዳልነበረ፣ ከትናንት ጀምሮ ግን እንደተለየ ነገረችው። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ወደ ባለቤቱ ዘወር አለ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ሄዱ። እኅቴም ባዶውን ጠረጴዛ ለረጅም ጊዜ ስትወለውል ቆየች።

ሌላውን ለውጥ ያደረገችው በራሷ ዘዴ ነው። ከነጠላው ሳህን ሌላ፣ ስድስቱ ዓይነት በአንድ ሰፊ ትሪ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው የሚቀርብበትን አዘጋጀች፤ ዋጋውንም በአንድ ቁጥር ጻፈችው። እንደ በያይነቱ ያለ ነገር መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ በእንጀራ ላይ በመቆለል ፈንታ በየሳህኑ መቀመጡ ብቻ ነው። ብቻውን ለሚመጣ ሰው ደግሞ በትልቅ ሳህን ከዳቦ ጋር ይቀርባል፤ ስፔኖችም ለጠገበ ሰው ከሚሆነው ትንሽ ሳህን ሌላ ለተራበ የሚሆን ሙሉ ድርሻ አላቸውና ከልማዳቸው አልወጣችም። በርበሬውንም በእናታችን ልክ አደረገችው።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ብድሩ ገና አልተከፈለም፤ ቤቱም ይቁም ይውደቅ ለመናገር ጊዜው ገና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሃምሳ አለቃው ሁለት የጥንት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው መጡ። ትሪው መሐላቸው ተቀመጠ። ከበሉ በኋላ እኅቴ እንደ ልማዷ «እንዴት ነበር?» አለቻቸው። እርሳቸውም «እንቁላሉ ጨው ያንሰዋል፤ ዳቦውም ትናንትና የተጋገረ ነው» አሏት።

እኅቴ ወደ እኔ ዘወር ብላ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ሰማህ? ቤተኛ ሆኑ» አለችኝ።