ጋሼ፣ ብራንድ ነው

ዛሬ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት የራሞንስ ቲሸርት ለብሶ ተቀምጧል። ያው የምታውቁት ንስር፣ ዙሪያውን የአባላቱ ስም ያለበት። የዚህ ገጽ ባለቤት አፉን መያዝ አልፈጠረበትምና «ከዘፈኖቻቸው የትኛውን ትወዳለህ?» አለው። ልጁ ደረቱን ጎንበስ ብሎ አየና በትህትና «ጋሼ፣ ብራንድ ነው» አለ።

ረዳቱ ሳቀ። ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ሰውየውን ግን እስካሁን የምትከነክነው «ጋሼ» የምትለዋ ናት።

በልጁ መፍረድ አይቻልም። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ መርጦ ያወጣት ደህና ቲሸርት ናት። ደግሞም ራሞንስ ቢያንስ ቲሸርት አላቸው። ክሊቭላንድ ውስጥ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ አይ. ኤም. ፔ በነደፈው የሮክ የዝና አዳራሽም ስማቸው ሰፍሯል፤ የገቡት በ2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ክርክር እንዳይነሳ)። ድምፃዊው ጆይ ራሞን ግን ያችን ቀን አላያትም፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ሞቷል። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በ1976 ሲሆን፣ ብዙ ሰው የፓንክን ልደት ከዚያ ይቆጥራል።

ነገሩ የሚጠመው እዚህ ላይ ነው። በ1975 ዲትሮይት ውስጥ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ገብተው ያንኑ ፈጣን፣ ያንኑ ሻካራ ሙዚቃ ቀድተው ጨርሰዋል። የእነሱን ቲሸርት ሚኒባስ ላይ ያየ እጁን ያውጣ።

ሃክኒዎች ናቸው። ዴቪድ ጊታር፣ ዳኒስ ድራም፣ ቦቢ ቤዝ ይዞ ይዘፍናል። የባንዱ ስም «ዴዝ»፣ በእኛው «ሞት»። ስሙን ያወጣው ዴቪድ ነው። አባታቸው በአደጋ ካለፈ በኋላ ሞትን ሰው ከሚፈራው በሌላ ዓይን ሊያየው ፈለገ፤ ሐሳቡ ጥልቅ ነበር፣ ለንግድ ግን አይሆንም። እስቲ ፖስተሩን አስቡት፦ «ዛሬ ማታ በአዳራሹ ሞት! መግቢያ በነፃ!»

ክላይቭ ዴቪስ፣ በሪከርድ ንግድ ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው፣ ሥራቸውን ወደደው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ስማችሁን ቀይሩ። ዴቪድ እምቢ አለ። ወንድሞቹ ገንዘቡን እያዩ፣ ታላቃቸውን እያዩ፣ ከታላቃቸው ጎን ቆሙ። አሥራ ሁለት ዘፈን ሊሆን የታሰበው አልበም ሰባት ላይ ቆመ። በ1976 ሁለቱን ዘፈኖች ራሳቸው በ500 ቅጂ አሳተሙ። ሬዲዮው ግን አልተቀበላቸውም። የሞታውን ከተማ ተወልደህ፣ ጥቁር ሆነህ፣ ሶል ትተህ ሮክ ስታጮህ ማን ይሰማሃል?

ሳይታወቅ ስለቀረ ሙዚቃ ከተወራ የካሴቱ ነገር እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም። የገጹ ነባሮች ታውቁታላችሁ፤ ዝለሉት።

የገጹ ባለቤት ተማሪ ሳለ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ስሙ ይቅር። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ከፍለህ ትተዋለህ፣ በሳምንቱ ተቀድቶ ትወስዳለህ። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ምርጥ ሮክ ቁ. 2» ብቻ ነው። የዘፈን ስም የለም፣ የዘፋኝ ስም የለም። «ለ» ገጽ ሦስተኛው ላይ ወሬ እያወራ የሚዘፍን የሚመስል፣ ድምፁ ወፍራም ሰው አለ። ተማሪው ተመልሶ ሄዶ «ይሄ ማነው?» ቢል ባለሱቁ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ፈረንጅ ነው» አለው። በቃ። እንግዲህ ፈረንጅ ስንት ነው? ያንን አንድ ፈረንጅ ሲፈልግ ዓመታት ሄዱ። ካሴቱንም የአክስቱ ልጅ የመልሷ ዕለት ሆታ ቀዳችበት፤ ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ሊፈነዳ ሲል እልልታ ይገባል። ትዳሩ እንኳን ሰመረ። ካሴቱ ግን ይቅር አልተባለም።

የራሳችንም ሸክላና ካሴት ቢሆን ከዚህ ብዙም አይሻልም። የመሐሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ የለም። ያንን ሙዚቃ የያዘው አይቤክስ ባንድ፣ ኋላ ሮሃ የተባለው መሆኑን የሚነግርህ ከአሥር ሰው ስንቱ ነው? ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ የሰላም ስዩም መሆኑንስ? ዘፋኙ በፎቶ ይወጣል፣ ተጫዋቹ በዝምታ ይታለፋል። ይህን ያነሳነው ለወቀሳ ነው፤ አዎ፣ ለወቀሳ።

ወደ ፈረንጁ እንመለስ። ኢንተርኔት መጥቶ ሲገኝ ፊል ላይነት ሆነ፣ የቲን ሊዚ ቤዝ ተጫዋችና ድምፃዊ። የገጹ ባለቤት ፎቶውን ሲያይ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። ጥቁር ነው። እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ከጉያና፤ ደብሊን ውስጥ ክረምሊን በሚባል ሰፈር አያቱ ያሳደገችው። ባለሱቁ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ቲን ሊዚ በ1969 ደብሊን ተመሠረተ። «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» የሚባለውን የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር አድሰው በ1973 እንግሊዝ ውስጥ 6ኛ ደረጃ አደረሱት። በ1976 «ጄይልብሬክ» አልበማቸው መጣ፤ «ዘ ቦይስ አር ባክ ኢን ታውን» አሜሪካ ውስጥ 12ኛ ሆነ። በሩ ሊከፈት ሲል ላይነት በጉበት በሽታ ወደቀና የአሜሪካው ጉዞ ተቋረጠ። እንደገና እንደዚያ አልቀናቸውም። ስኮት ጎርሃምና ብራያን ሮበርትሰን ሁለት ጊታር አጣምረው አንድ ዜማ የሚያስኬዱበት መንገድ ግን ከእነሱ በኋላ በመጣው ከባድ ሮክ ሁሉ ውስጥ አለ። ጆሮ ያለው ይሰማዋል።

ላይነት ጃንዋሪ 4 ቀን 1986 ሞተ፤ 36 ዓመቱ ነበር። የዝና አዳራሹ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች የሾመው በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን! ሜታሊካ በ1998 «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር»ን በሊዚ አጨዋወት ሠርቶ በ2000 ግራሚ ወሰደበት፤ በ2009 አዳራሹ ገባ። ቲን ሊዚ ለ2020 አንዴ ታጨና ቀረ። የዚያን ዓመት ከገቡት አንዷ ዊትኒ ሂዩስተን ናት። በዊትኒ ላይ ክፉ ቃል አይወጣም፤ በእሷ ዘፈን ያላለቀሰ አዲስ አበቤ ካለ ይነሳ። ሮከር ናት ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ደብሊኖች ግን አልጠበቁም። በ2005 ከግራፍተን ጎዳና ጥግ፣ ሃሪ ስትሪት ላይ፣ ቤዙን ይዞ በነሐስ አቆሙት።

አዳራሹ ሲዘገይ ልማዱ ነው። «ሃውንድ ዶግ»ን መጀመሪያ የተጫወተችው ቢግ ማማ ቶርንተን ናት፤ ሸክላው በ1953 ወጣ። ኤልቪስ በ1956 አወጣው። ኤልቪስ በ1986 ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባ፤ ቶርንተን በ2024፣ ከሞተች ከ40 ዓመት በኋላ። እሷም በዋናው በር አልገባችም፤ «ተጽዕኖ ያሳደሩ» በሚባለው ዘርፍ በጓሮ በኩል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መንፈሳዊ መዝሙር ታናውጥ የነበረችው ሲስተር ሮዜታ ታርፕም እንዲሁ፤ በ1973 ሞተች፣ በ2018 አስታወሷት። እኛ እንኳን ተዝካር በሰባት ዓመት እንጨርሳለን።

ዴቪድ ሃክኒ በ2000 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት የዲትሮይቱን ቴፕ ለቦቢ ሰጥቶት፣ ዓለም አንድ ቀን ፈልጎት ይመጣልና አደራ አስቀምጥ ብሎት እንደነበር ቦቢ ራሱ ተርኳል። ቦቢና ዳኒስ በዚያን ጊዜ ቨርሞንት ሆነው ሬጌ ይጫወቱ ነበር፤ ስለ «ሞት» ለልጆቻቸው እንኳ አላወሩም። ያቺ የ500 ቅጂ ሸክላ ግን በሰብሳቢዎች እጅ ትዞር ነበር። ከቦቢ ልጆች አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ድግስ ላይ እያለ አንድ የማያውቀው ዘፈን ተከፈተ። የማያውቀው ዘፈን፣ የሚያውቀው ድምፅ፤ የአባቱ ነው። በ2009 ሰባቱ ዘፈኖች አልበም ሆነው ታተሙ፣ በ2012 ዘጋቢ ፊልም ተሠራላቸው።

የአዳራሹ ደንብ ከመጀመሪያው ሸክላ 25 ዓመት ይቁጠሩ ይላል። እነ ዴቪድ በ2001 ሞልቷቸዋል። እስካሁን ለዕጩነት እንኳ አልተጠሩም፤ ይህ ነውር ነው።

የሚኒባሱ ልጅ አራት ኪሎ ወረደ። «ቻው ጋሼ» አለ፣ እንደገና። ስልኩ ላይ የባንዱ ስም ተጽፎለታል፤ ይክፈተው አይክፈተው የእሱ ጉዳይ ነው። እናንተ ግን ክፈቱት። ሰባቱም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይሞሉም፤ ከመገናኛ ፒያሳ ሳትደርሱ ያልቃሉ።