ሳይለቅ የቆየው ቀለም

ንባብ፦ ኢሳይያስ 49፥14–16፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3–4



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጥፍር ቀለም ነው። «ይህ ደግሞ ምን መንፈሳዊ ነገር አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኛም ብለን ነበር። እስከ መጨረሻው ታገሡንና አንብቡት።

እኛ በደብረ ማርቆስ የምንኖር ሦስት እህትማማቾች ነን። እናታችን ያለችው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ተወልደን ባደግንበት መንደር ነው። ሦስታችንም በአንድ ዓመት ውስጥ ጌታን ተቀበልን። ለእኛ የደስታ ዓመት ነበር፤ ለእናታችን የሐዘን። በአባቶቿ እምነት ያሳደገቻቸው ልጆች አንድ ላይ ሲወጡባት ምን እንደ ተሰማት ያን ጊዜ አላሰብንም። ይባስ ብለን አንድ ዓርብ ልንጠይቃት ሄደን፣ እርሷ በጾም ሽሮዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ከከተማ ያመጣነውን ቅቤ የገባበት ወጥ ፊቷ ዘርግተን በላን። ነፃነታችንን የምናሳያት መስሎን ነበር። ሮሜ ምዕራፍ 14ን አንብበናል፤ በመብል ምክንያት ሌላውን ማሳዘን ከፍቅር መውጣት እንደሆነ ጳውሎስ እዚያ ጽፎታል፤ ግን ለእናታችን ይሠራል ብለን አላሰብንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ አልቀረበችም። ሰላምታ አልከለከለችንም። ስንሄድ ታበላናለች፤ ራሷ ግን ዞር ብላ ለብቻዋ ትበላለች። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ካቻምና ጥር ላይ ታናሻችን ልታገባ ሆነ። ሠርጉ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነበር። ለእናታችን መልእክት ላክንባት፤ «እግዜር ያሳካላችሁ» ከማለት በቀር እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም።

የሙሽራዋን ጥፍር የማሳመር ሥራ ለእኛ ለታላላቆቿ ደረሰን። ለውበት ሳሎን የሚከፈለው ገንዘብ ለሽንኩርትና ለዘይት ይሻላል ብለን እቤት ቀባናት። ረቡዕ ማታ ቀይ ኩቴክስ ተቀባች፤ አማረባት። ግን ሠርግ ቤት ነበርን። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ «አንቺ ተቀመጪ» ብንላት አሻፈረኝ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ፣ የተዋስነውን ድስት በሙቅ ውኃ ስትፈገፍግ ዋለች። ሐሙስ ማታ እጇን ስናየው የአምስቱ ጥፍር ጫፍ ተልጦ ነበር። ሙሽራ አይደለችም ወይ? አለቀሰች። እኛም አብረን አለቀስን፤ ለቅሶው ግን ለኩቴክሱ ብቻ አልነበረም።

ኩቴክስ ለምን ቶሎ እንደሚለቅ ያወቅነው በኋላ ነው። በጠርሙሱ ያለው ፈሳሽ ሲተን በጥፍር ላይ ስስ ሽፋን ይቀራል። ጥፍር ግን ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ላዩ ላይ የተኛው ሽፋን አብሮት መሳሳብ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ከጫፍ ጀምሮም ይላጣል። ስለዚህ እንደ እኛ እቤት ለምትቀቡ እህቶች፣ በስሕተታችን የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ጥፍራችሁ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ዕቃ አጥባችሁ ወይም ገላችሁን ታጥባችሁ እንደ ወጣችሁ አትቀቡ፤ ጥፍሩ የጠጣውን ውኃ እስኪለቅ ቆዩ። ጠጉራችሁን ቅቤ በተቀባችሁበት ቀንም ተዉት፤ ቅባት ባለበት ቀለም አይዝም። ከመቀባታችሁ በፊት ጥፍሩን በአሴቶን በነከረ ጥጥ አንዴ ጥረጉት።

ሁለተኛ፣ ጥፍሩን አሳጥሩት። ረጅም ጥፍር ከዕቃ ጋር ይጋጫል። ስትሞርዱት ሞረዱን እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አትሳቡት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ጠርሙሱን አትነቅንቁት፤ አረፋ ይይዛል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ኩቴክሱ ይወፍራል፤ በሁለት መዳፋችሁ መሐል እያንከባለላችሁ አሙቁት። ይቅጠን ብላችሁ ግን ወደ ከሰሉ እንዳታስጠጉት። ኩቴክስም አሴቶንም እሳት ይይዛሉ፤ ምድጃ ባለበት ክፍል ባትሠሩ ይሻላል።

አራተኛ፣ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡ። ከሥር ቀለም አልባውን፣ መሐል ላይ ቀለሙን፣ ከላይ ደግሞ ቀለም አልባውን። በየመሐሉ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የጥፍሩን ጫፍ ጠርዝ ቀለሙ እንዲያቅፈው አድርጉ፤ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

አምስተኛ፣ ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሊጥ አቡክታችሁ፣ ዕቃ አጥባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቀቡ። በማግስቱ ስታጥቡ ጓንት አድርጉ። ቆርኪና ጣሳ በጥፍር አትክፈቱ። በየሁለት በሦስት ቀኑ ቀለም አልባውን አንዴ ከላይ ብትደርቡበት ሳምንቱን ያደርሳችኋል።

ይህን ሁሉ ሐሙስ ማታ አናውቅም ነበር። ዓርብ እንደገና ቀባናት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ደግሞ በሩ ተንኳኳ፤ እናታችን ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ቆማለች።

ገብታ ተቀመጠች። ስለ ሠርጉ ምንም አላነሳችም። የታናሻችንን እጅ ሳብ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኩቴክስ ነው፣ እማዬ።»

«አጥፊው። በዚህ ላይ አይዝልሽም። ሙቀጫ አምጡልኝ።»

ቋጠሮውን ፈታችው። አፈሩ ገና ያልረገፈ የእንሶስላ ሥር ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ በጓሯችን የምናውቀው፣ ለሠርግና ለዓመት በዓል የምትቆፍረው። ሥሩን አጥባ፣ ከትፋ፣ ወቀጠችው። ታናሻችን ሁለት ጊዜ የተለፋበትን ኩቴክስ በአሴቶን አጠፋችው። እናታችን የተወቀጠውን በጥፍሯ፣ በመዳፏ፣ በእግሯ ላይ አደረገችላትና በቅጠልና በጨርቅ ጠቀለለችው። ሙሽራዋን ስትጨርስ ወደ እኛ ዞረች። «እናንተስ? ኑ እንጂ።»

በአገራችን «እንሶስላ መሞቅ» ይባላል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ እጅን ማሞቅ አለበትና። ሦስታችንም እጃችን እንደ ተጠቀለለ ከሰሉን ከበን ተቀመጥን። ትናንት ከእሳት የምናሸሸው ቀለም ነበር፤ ይሄኛው እሳት ካልቀረበው አይደምቅም።

መሸ፤ ራበን። እጃችን ታስሯል። እናታችን ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ለዓርብ ብላ ያለ ቅቤ ሽሮ ሠራች። እንጀራውን ዘርግታ መሐላችን ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ ለእኛ፣ አንድ ለራሷ። ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ያልቀመሰች እጅ በየተራ ታጎርሰን ጀመር። አንዳችንም አልተናገርንም። ብንናገር የምናለቅስ ይመስለን ነበር። የዚያን ዓርብ ሽሮ ያህል የጣፈጠን ምግብ የለም።

ሌሊቱን አብራን አደረች። ጠዋት ጨርቁን ስንፈታ እጃችን ቀልቶ፣ ጥፍራችን ደምቆ ነበር። ቅዳሜ ወደ መንደሯ ተመለሰች። እሑድ ወደ አዳራሹ አልመጣችም። ይህን አናለሳልሰውም፤ የሙሽራ እናት ወንበር ባዶውን ዋለ። ግን ሙሽራው ቀለበቱን ሲያጠልቅላት የተዘረጋው ጣት እናታችን ያቀላችው ጣት ነበር።

እንሶስላ ለምን እንደማይላጥ እንንገራችሁ። እንደ ኩቴክስ ላይ ላዩን አይተኛም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። በሂና ውስጥ ላውሶን የሚባል ማቅለሚያ አለ፤ ጥፍርና ቆዳ ከተሠሩበት ከኬራቲን ጋር ይያያዛል። እንሶስላም እንደዚሁ ገብቶ የሚያቀላ እንጂ የሚደረብ አይደለም። በሳይንስ ስሙ ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። ሁለተኛው ቃል «ለማቅለሚያ የሚሆን» ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ «ትዕግሥት የለሽ»፤ የዚህ ወገን ተክሎች የዘር ፍሬ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን። ስሙ ትዕግሥት የለሽ ይሁን እንጂ ሥሩ ሌሊቱን ሙሉ ካልታገሡት ቀለሙን አይሰጥም። በሩቅ አገር በኮሪያም ሴቶች የዚሁ ወገን በሆነ አበባ ጥፍራቸውን ያቀላሉ፤ ቀለሙ የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ ከቆየ ፍቅር ይሠምራል የሚል አባባልም አላቸው።

የመዳፋችን ቀለም በጥቂት ሳምንት ደበዘዘ። የጥፍራችን ግን ቆየ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመታደስ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀለሙ አልለቀቀም፤ ከጥፍሩ ጋር ተጓዘ። በየካቲት ከሥሩ ነጭ ጨረቃ ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ቀዩ መሐል ደረሰ። ሰኔ ላይ ጫፉ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ። ጥፍራችንን ለመቁረጥ ሳሳን።

መስመሩ ሳያልቅ ወደ እናታችን ሄድን። የሰኔ ጾም ነበርና ቅቤም ሥጋም ይዘን አልሄድንም፤ ምስርና ቡና ነው የያዝነው። የምትበላውን በላን፤ አብራን ቀረበች። በምን እንደምናምን አልተለወጥንም፤ እርሷም አልተለወጠችም። ስለዚያ ገና ብዙ የምንጸልየው አለ። ቡናው ሲቀዳ የታናሻችንን ጣት አነሳችና አየችው።

«አልቆብሻል።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወደ ጓሮ አመለከተች። እንሶስላው ዝናቡን ጠጥቶ ለምልሟል። «አሁን ገና ቅጠል ላይ ነው። ክረምቱ ይውጣና ኑ፤ ሥሩ ይደርሳል።»

ወገኖች ሆይ፣ ከኅብረታችን «አማኝ ሴት ጥፍሯን መቀባት ይገባታልን?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ሴቶች ጌጥ ሲጽፍ ልባችንን የሚያሳርፈው በውጭው ላይ ሳይሆን በተሰወረው የልብ ሰው ላይ፣ በማይጠፋው ላይ ነው። እኛ ከዚህ የተማርነው ጠርሙሱን መጣል አይደለም። አሁንም እንቀባለን፤ ከላይ የነገርናችሁንም እንጠብቃለን። ግን ራሳችንን የምንጠይቀው ሌላ ሆኗል፦ ያ ዓርብ በእናታችን ፊት ያሳየናት እምነት ላይ ላዩን የተቀባ ነበር ወይስ የገባ? ነፃነታችን ደማቅ ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ሙቅ ውኃ ተላጠ። የእናታችን ፍቅር ግን፣ የረሳችን መስሎን ሳለ፣ በጓሮ ሥር ሰዶ ነበር።

በኢሳይያስ 49 ጽዮን ጌታ ረሳኝ ብላ ታዝናለች። እግዚአብሔርም የምታጠባ እናት ልጇን ትረሳ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ እርሷ እንኳ ብትረሳ እርሱ እንደማይረሳ፣ በገዛ መዳፉም ላይ እንደ ቀረጻት ይነግራታል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብበነዋል! መዳፋችን ቀልቶ ካነበብነው በኋላ ግን ሌላ ሆነብን። የእኛ እጅ ላይ ያለው በሳምንታት ይደበዝዛል፤ በጥፍር ላይ ያለው በ6 ወር ያልቃል። በእርሱ መዳፍ ላይ ያለው አያድግም፣ አይቆረጥም፣ አይላጥም።

ምናልባት እናንተም በእምነታችሁ ምክንያት ገበታ የተለያችሁት ሰው ይኖራል። ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው አትበሉ። ቀድማችሁ ሂዱ። የሚበላውን ብሉ። እጃችሁን ስጡት።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ስማችን በእጅህ ስላለ እናመሰግንሃለን። ፍቅርህ ላይ ላያችንን ብቻ ሳይሆን ልባችንን ዘልቆ ይግባ። ያሳዘንናቸውን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን በትሕትና የምንቀርብበትን ጸጋ ስጠን። ያ የሙሽራ እናት ባዶ ወንበር፣ በአንተ ጊዜ፣ ሞልቶ እንድናየው አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።