ሮምና በውስጧ ያለው የእኛ ዱካ

ከእንጭኒ ወጥቶ በሆለታ በኩል አዲስ አበባ የገባ፣ ከዚያም ሌሊቱን በአየር ሲበር አድሮ ማለዳ ሮም የሚደርስ ኢትዮጵያዊ፣ ምንም እንኳ በእጁ የያዘው የጎብኚ ቪዛ፣ በልቡም ያሰበው የታወቁትን ሕንጻዎች አይቶ መመለስ ብቻ ቢሆን፣ በዚያች ከተማ ፍጹም እንግዳ ሆኖ ሊሰነብት አይችልም፤ አደባባዮቿ፣ የመንገዶቿ ስሞችና የአንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የአባቶቹን ነገር በየፊናቸው ጠብቀው ይቆዩታልና። ፓሪስን ወይም ቪየናን ማየት ዐይንን ያሰፋል፤ ሮምን ማየት ግን መከራችንንም ክብራችንንም ከሥሩ መመርመር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ተከትለው አውሮፓን ሲዞሩ ያዩትን ለወገናቸው በመጽሐፍ ማቅረባቸው፣ የሰው አገር ማየት ለተመልካቹ ብቻ የሚቀር ትርፍ እንዳይሆን ብለው ይመስለኛል። እኔም በዚሁ አሳብ ተመርቼ፣ ከአካባቢያችን ወጥቶ ያችን ከተማ ለማየት ዕድል ለሚያገኝ ሰው፣ አስጎብኚዎች በሚመሩት መንገድ ሳይሆን በእኛ ዱካ ላስጎበኘው እወዳለሁ።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ባቡር በግማሽ ሰዓት ያህል ቴርሚኒ ወደሚባለው ታላቅ ጣቢያ ያደርሳል። ከጣቢያው ፊት ያለው፣ እልፍ አእላፍ መንገደኛ ከማለዳ እስከ ሌሊት የሚተራመስበት ሰፊ ሜዳ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ሻንጣውን እየጎተተ ከሚያቋርጠው ሕዝብ ውስጥ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እነርሱ ግን በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ የደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ ከኢትዮጵያ የመጣውን መንገደኛ ገና ከባቡር ሲወርድ የሚቀበለው የራስ አሉላ ድል ነው ማለት ነው።

ከአደባባዩ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በዛፎች መካከል የእነዚያው ሟቾች መታሰቢያ ቆሟል፤ በላዩም ከግብጽ የመጣ የፈርዖን ራምሴስ ዳግማዊ የድንጋይ ዐምድ ተተክሏል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ የምርኮ ማሳያ ይሆን ዘንድ የተቀመጠው ከዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. የኤርትራ ተወላጅ የሆነው ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ በዚያ ሲያልፍ የአገሩን ምልክት በባዕድ እግር ሥር አይቶ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡ ጊዜም ሰይፉን መዝዞ ቁጣውን በአደባባይ ገለጠ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ታውኳል ተብሎ በሲሲሊያ ደሴት ተዘግቶበት ኖሮ በ1937 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ በለገሀር ቆሟል። ወደ ሮም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ማረፊያውን ከመያዙና በዚያው ሠፈር ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያ ዐምድ ሥር ቆሞ ለዘርዓይ የኅሊና ጸሎት ቢያደርስ የተገባ ነው እላለሁ።

ከቴርሚኒ ወደ ላተራኖ የወረደ ሰው፣ የሮም ጳጳስ ካቴድራል ከሆነችው ከቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ቁመቱ 32 ሜትር የሚደርስና በከተማይቱ ካሉት ሁሉ የሚረዝም የግብጽ ሐውልት ያገኛል። ይህን ሐውልት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ357 ወደ ሮም ያስመጣው የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ስም ለቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ የእኛ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ ስለ ሃይማኖቱ እንዲመረመር የጠየቀው አርዮሳዊው ንጉሥ እርሱ ነውና፤ የደብዳቤውም ቃል በቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ እኛ ደርሷል። አስጎብኚው ስለ ድንጋዩ ቁመትና ስለ ፈርዖኖቹ ስም ይናገራል፤ ያንን ድንጋይ ያስጫነው ሰው ዐይኑን ወደ አክሱም ጥሎ እንደ ነበረ ማሰብ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ከዚሁ ከላተራኖ የሚወርደው መንገድ አምባ አራዶም ይባላል። አምባ አራዶም በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት የተፈታበት፣ ብዙ ወገናችን በአየር ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ጦርነት የተደረገበት ተራራ ነው። በከተማይቱ ሰሜን በኩል ደግሞ የአፍሪካ ሠፈር የሚሉት አለ፤ በዚያም የኢትዮጵያ ጎዳና፣ የጣና ሐይቅ መንገድ፣ የተምቤንና የእንደርታ መንገድ በየማዕዘኑ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጸው ይነበባሉ። በእኛ በምዕራብ ሸዋ የዚያ ዘመን ስሞች የሚታወሱት በሌላ ረድፍ ነው፤ ጃገማ ኬሎ ገና በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ጫካ ገብተው አምስቱን ዓመት ከጠላት ጋር ሲዋጉ የኖሩት በእኛው አገር ተራሮች ላይ ነውና። በተምቤን መንገድ የሚኖሩት ሮማውያን ስሙን ያወጡት እነርሱ አይደሉም፤ ብዙዎቹም ተምቤን የት እንዳለች አያውቁም፤ ስለዚህ እኛ የሄድን እንደ ሆነ ቡና ቤት ተቀምጠን በትሕትና ብንነግራቸው ደስ ብሏቸው ይሰማሉ።

የአምባ አራዶምን መንገድ ተከትሎ የተጓዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ የጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ከነበረው ከሰርከስ ማክሲሙስ ይደርሳል። ቆንስጣንዮስ ሐውልቱን በመጀመሪያ ያቆመው እዚህ ነበር፤ ወደ ላተራኖ የተዛወረው በ1588 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚሁ ሜዳ ጫፍ፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ ላይ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ከሆነው ሕንጻ ፊት፣ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም 160 ቶን ያህል የሆነው የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በግዞት ቆሞ ኖሯል። ኢጣልያ በ1947 እ.ኤ.አ. በፈረመችው የሰላም ውል በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ የወሰደችውን ሁሉ ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር፤ ሐውልቱ ግን በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቀድሞ ቦታው ቆሞ ተመረቀ። በፖርታ ካፔና ዛሬ በኒውዮርክ ሕንጻዎች ጥፋት ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታውያን ዐምዶች ቆመዋል። እኔ በዚያ ቆሜ ሳለሁ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ የእኛ ድንጋይ የሌለበት ያ ሥፍራ በሮም ካየሁት ሁሉ ይበልጥ ልቤን ደስ አሰኝቶታል።

ይህም ደስታ ምክንያት አለው። ድል የተደረገውን ሕዝብ የተቀደሰ ነገር ነቅሎ አምጥቶ በአደባባይ ማቆም ለሮም ጥንታዊ ልማዷ ነው። ከፖርታ ካፔና እምብዛም ሳይርቅ የጥጦስ ቅስት አለ፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች በ70 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረኩትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ የወርቅ መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጿል። ኦሪትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያንን ሥዕል እንደ ሌላው ጎብኚ ፎቶ አንሥቶ ብቻ ሊያልፈው አይቻለውም። መቅረዙ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ከግብጽ የመጡትም ሐውልቶች ዛሬም በየአደባባዩ እንደ ቆሙ ናቸው፤ የአክሱሙ ግን ተመልሷል።

ከሐውልቱም መመለስ በፊት፣ በዚያው ሥፍራ አንድ ሰው ስለ አገሩ መልስ ሰጥቶ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነው ምሽት፣ አበበ ቢቂላ ከካምፒዶሊዮ ተነሥቶ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩለት በጥንቱ በአፒያ መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን እስከ ከተማይቱ መግቢያ ደርሶ፣ ከአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ተለይቶት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ቆስጠንጢኖስ በየመስከረሙ ደመራ ስንለኩስ የምናስባት የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው። ከካቶሊክ ነገሥታትና ከአረመኔ ቄሣሮች ሐውልት ሁሉ ይልቅ በዚያ ቅስት ሥር ያለው ጥቁር ንጣፍ ለእኛ የተከበረ ነው፤ በአፒያ መንገድም በጧት ተነሥቶ በእግር መጓዝ ለአገራችን ሰው አያዳግትም፤ ድንጋዩም የጥንቱ ራሱ ነው።

ስለ ኮሎሲየም ብዙ ተጽፏልና አልዘገይበትም። ስለ ፓንቴዎን ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በእንጭኒ መንገድ ዳር ተወልዶ የሙገር ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ቀንና ሌሊት ሲመላለሱ እያየ ያደገ ሰው ከማንም ይልቅ ያስተውለዋልና። የፓንቴዎን ጣሪያ 43 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጉልላት ነው፤ በውስጡም ዘንግ ብረት የለበትም፤ የሮም ግንበኞች ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ለውሰው ያፈሰሱት ነው። ይኸው የእሳተ ገሞራ አመድ ዛሬም በእኛ ፋብሪካ ከሲሚንቶው ጋር ይፈጫል። እነርሱ ግን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቀለል ያለ ድንጋይ እየመረጡ፣ በመካከሉም ለፀሐይና ለዝናብ ቀዳዳ ትተው ስለ ሠሩት፣ ከ1,800 ዓመት በላይ ሳይፈርስ ቆሟል። ግንበኞቻችንና የምህንድስና ተማሪዎቻችን ቢያዩት ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራቸዋል። ውኃውንም ማድነቅ ይገባል፤ ከክርስቶስ ልደት 19 ዓመት በፊት የተሠራ የውኃ መስመር ዛሬም የትሬቪን ምንጭ ይመግባል፤ በየመንገዱም ጥግ ጥሩ ውኃ ያለ ዋጋ ሲወርድ ይውላል፤ ሴቶቻችን እንስራና ጀሪካን አዝለው የሚሄዱትን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ከእብነ በረዱ ሁሉ የሚበልጥ ሥልጣኔ ነው።

አሁን ወደ ቫቲካን እንሻገር። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መካከለኛ በር ላይ ፊላሬቴ የተባለው ጠቢብ በ1445 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የነሐስ መዝጊያ አለ፤ በእርሱም ላይ በ1441 ከምሥራቅ ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ የሄዱት መነኮሳት ሮም ሲገቡ ተቀርጿል፤ ከእነርሱም ጋር ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጎብኚው ሁሉ ወደ ውስጥ ለመግባት ሲጣደፍ ይህን መዝጊያ ገፍቶት ያልፋል። ከባዚሊካው በስተኋላ ግን፣ ከዚያ ግዙፍ ሕንጻ ጥላ ሥር፣ ከአምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማደሪያ ትሆን ዘንድ ሰጥተዋታል።

ከሸዋ፣ ከላስታና ከትግራይ በእግራቸው ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡት መነኮሳት በዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ የሁላችን ንብረት ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከእርሱም በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ ገዳማቸው በግራኝ ጦርነት ከጠፋ በኋላ ተሰደው ሮም ደርሰው፣ ግዕዝ የማያውቁ አታሚዎችን ፊደል በፊደል እየመሩ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ፤ መቃብራቸውም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ደብረ ሊባኖስ ከእንጭኒ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲመለከቱ ከሙገር ሸለቆ ማዶ ያለ ገዳም ነው፤ የተስፋ ጽዮን ደጅ የእኛ ጎረቤት ደጅ ነው። ከዚያች ከተማ የተላከው የፋሽስት መንግሥት እንደራሴ ግራዚያኒም በግንቦት 1929 ዓ.ም. የዚያኑ ገዳም መነኮሳት በመትረየስ ያስፈጀ መሆኑን ሳያስታውስ በተስፋ ጽዮን መቃብር ፊት የሚቆም የሸዋ ሰው አይኖርም። አንዲት ከተማ የአንዱን ገዳም ስደተኛ አስጠግታ መጽሐፉን አተመች፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የገዛ ወንድሞቹን አስገደለች። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ከባድ ነው፤ ግን ሁለቱም እውነት ናቸውና አንዱን ጥሎ አንዱን ማንሣት አይገባም።

በ1649 እ.ኤ.አ. ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ወደዚሁ ማደሪያ መጥቶ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ ጎርጎርዮስም በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ከሉዶልፍ እጅ የወጣው በዚህ ትምህርት ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት የምናስተምረው ሰዋስው አንድ ሥሩ ከዚያች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይመዘዛል። ሥፍራው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ማንም እንደ ልቡ አይገባበትም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከእንጭኒም ሆነ ከአምቦ ወደ ሮም የሚነሣ ሰው፣ የኮሎሲየምን ትኬት ከመቁረጡ በፊት የቅዱስ እስጢፋኖስን ፈቃድ አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠይቅ፤ ጊዜ ያጠረው እንደ ሆነም የሚተወው ኮሎሲየምን ይሁን።